ሽንኩርት አይደለም፦ የቱሊፕ ሥራዬ ማስታወሻ

ቀን 1

ካርቶኑ ዛሬ ደረሰ። 30 የቱሊፕ ኮረት። 15 ቀይ፣ 15 ጥቁር። ኮረት የምለው ያንን መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ሽንኩርት መሳይ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት 10 ገዝቼ፣ በገዛሁ ማግስት አፈር ውስጥ ከትቻቸው ነበር። ሰባቱ ቅጠል ብቻ አወጡ። ሦስቱ አበቡ፣ ግን አበባው ቀና ሳይል እዚያው ቅጠሉ መሃል ቁጢጥ ብሎ ቀረ። አገዳ የሚባል ነገር የለም። ጎመን ላይ አበባ የተለጠፈበት ይመስል ነበር። አፈሩን ወቀስኩ፣ ውሃውን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የሁለቱም አልነበረም። ብርድ አላገኙም።

ቱሊፕ የተራራ ልጅ ነው። ዘሩ የሚመዘዘው ከመካከለኛው እስያ፣ ከቲየን ሻንና ከፓሚር ተራሮች አካባቢ ነው። እዚያ የብርዱ ወራት በረዶ ነው፣ የሙቀቱ ወራት ደግሞ ድርቅ። ተክሉ ሁለቱንም ከመሬት በታች ተደብቆ ያሳልፋቸዋል። በመሃል ባለችው አጭር ጊዜ ብቅ ይላል፣ ያብባል፣ ስንቁን ቋጥሮ ይመለሳል። ብርዱን ካላየ አገዳው አይረዝምም። የሚፈልገው ከ12 እስከ 16 ሳምንት፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ብርዱን የሚሰጣቸው ፍሪጅ ነው።

ካርቶኑን ገልብጬ አንድ በአንድ ጨመቅኳቸው። ጥሩ ኮረት ጠንካራ ነው፣ እጅ ላይም ከበድ ይላል። የላይኛው ቡናማ ልባስ ቢላጥ ምንም አይደለም። አንዱ ጥቁር ግን ከመጠኑ ቀለለብኝ። ታችኛውን ጫን ስለው ገባ አለ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ኮምጣጣ ሽታ። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው። ወዲያው ወደ ቆሻሻ። የታመመ ኮረት ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ጤነኞቹ ሆድ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ያጨናግፋል።

ሁለተኛውን የገደልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዱን ቀይ ከጫፉ እስከ መቀመጫው በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ነጫጭ፣ እርጥብ፣ ወፍራም ንብርብሮች አሉት። ልቡ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ፈዘዝ ያለች ነገር ቆማለች። በማጉያ መነጽር አየኋት። ከውጭ የተጠቀለሉ ቅጠሎች። በነሱ ውስጥ ስድስት የአበባ ቅጠሎች። በነሱ ውስጥ ስድስት የወንዴ ዘንጎች። መሃል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኗ ሴቴ። ተሠርቶ ያለቀ አበባ ነው። ቀለሙ የለም እንጂ የጎደለው አካል የለም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መርዘም ብቻ ነው።

ግማሹን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት እነዚያን 10 አበቦች ገና ሳልተክላቸው ይዣቸው ነበር ማለት ነው።

28 ቀሩ።

ቀን 2

24ቱ ወደ ፍሪጅ፣ ከየቀለሙ 12። አራቱ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆያሉ። ብርድ ሳያዩ ይተከላሉ፣ ለማነጻጸሪያ። ያለፈው ዓመት ውድቀቴ በሌላ ምክንያት እንዳልሆነ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።

ወረቀት ከረጢት፣ በእርሳስ ጫፍ የተበሳሳ። ፌስታል አይሆንም፣ ያልባቸዋል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር አሳድሬ አየሁት፦ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ። ልክ ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በጭራሽ፤ ይሞታሉ።

እማዬ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች።

«ይሄ ሽንኩርት ምን ሆኖ ነው ሽታ የሌለው?»

«ሽንኩርት አይደለም እማዬ። አበባ ነው።»

«አበባ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ብርድ እንዲመታው ነው።»

«ሰው ብርድ እንዳይመታው ይለፋል፣ አንተ ታስመታለህ» ብላ ዘጋችው።

ከረጢቱ ላይ በወፍራም ማርከር ጻፍኩበት፦ ሽንኩርት አይደለም። አይበላም። ቀልድ አይደለም። ኮረቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሆድ ያውካል፣ ውሻና ድመትም ይመርዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በፈረንጆች ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረሃብና የብርድ ወራት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ሰዎች በልተውታል። ቢጫውን ልብ እያወጡ፣ ሌላ የሚበላ ስለጠፋ።

ቀን 13

ከሥራ ስመለስ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ኪሎ ፖም ተቀምጧል። ከከረጢቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ።

ፖም ሲበስል የሚለቀው ያንኑ ጋዝ ነው፣ ኤቲሊኑን። የታመመውን ኮረት ስጥል የሸሸሁት ነገር በፌስታል ተሞልቶ መጣልኝ። ፖሙን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት፣ የፍሪጁን በር ለአሥር ደቂቃ ከፍቼ አናፈስኩት። ለእማዬ አስረዳኋት። «እና አሁን ፖም ፍሪጅ አይገባም?» አለች። 14 ሳምንት አልኳት። ዝም አለች። ያች ዝምታ ከስድብ ትብሳለች።

ሳምንት 5

ሦስት ኮረቶች ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ። ደነገጥኩ፣ ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ሥጋው ጠንካራ ነው። ከረጢቱ ረጥቦ ስለነበር ቀየርኩት።

ሳምንት 8

ምንም።

ሳምንት 10

መደብ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቱሊፕ ብዙ ነገር ይችላል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን አይችልም። ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አፈሩን ፈተንኩ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ በውሃ ሞላሁት። እስኪመጥ ጠበቅኩ። ድጋሚ ሞላሁት። ከአራት ሰዓት በኋላ ስመለስ ግማሹ እዚያው ቆሟል። የኛ አፈር ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ አሸዋ መቀላቀል ነበር። ተውኩት። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ትንሽ አሸዋ ጣል ማድረግ ነገሩን ያብሰዋል፤ ጭቃና አሸዋ ተያይዘው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃሉ። የሚሠራው ብስባሽ ነው፣ በብዛት። 1 ሜትር ከ20 በ80 ሴንቲ ሜትር ቦታ ለካሁ፣ በዶማ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፈርኩ፣ አምስት ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ገለበጥኩበት። ከዚያ መደቡን ከመሬቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። ወገቤ ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

ፍግ አልጨመርኩም። ያልበሰለ ፍግ ኮረቱን ያቃጥላል፣ የሚያበሰብስ ፈንገስም ይጠራል። ኮረቱ ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃ ስንቅ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው።

ሳምንት 12

የውሃ ፈተናውን ደገምኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጠጠ።

ሳምንት 14፣ የተከላ ቀን

የዓመቱ ቀዝቃዛ ሳምንት ይሄ ነው። ጠዋት በማለዳ፣ አፈሩ 15 ሴንቲ ሜትር ታች 14 ዲግሪ ያሳያል። ከዚህ በታች ቢሆን ደስ ባለኝ። መደቡን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሻሽ ጨርቅ ጥላ አልብሼዋለሁ።

ከረጢቱን ከፍሪጅ ያወጣሁት ጉድጓዶቹ ካለቁ በኋላ ነው። አውጥቶ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ያን ሁሉ ሳምንት ሊያባክን ይችላል። የቀዘቀዘ ኮረት ብዙ ከሞቀ ያየውን ብርድ ሊረሳ ይችላል።

ብዙዎቹ ታችኛው ቀለበታቸው አብጧል። ሁለቱ ነጫጭ የሥር ጫፎች ብቅ አድርገዋል፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።

ጥልቀት የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ነው ይላሉ። የኔዎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፣ 17 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ጠለቅ ማለቱ ከሙቀት ይከልላቸዋል፣ አገዳው በንፋስ ሲወዛወዝም ይይዘዋል። በመሃላቸው 12 ሴንቲ ሜትር። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኮረቱን በጎን ስታዩት አንድ ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። የመጀመሪያው ሰፊ ቅጠል የሚወጣው በጠፍጣፋው ጎን በኩል ነው። ዳር ዳር ያሉትን ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ውጭ አድርጌ አዞርኳቸው፣ ትልልቆቹ ቅጠሎች ወደ መደቡ ዳር እንዲተኙ፣ ጎረቤት ላይ እንዳይጋረዱ። ከ24ቱ ይሄን ያደረግኩት ለ12ቱ ነው፣ ከዚያ ሰለቸኝ።

ቁምሳጥን ውስጥ የቆዩትን አራቱን መደቡ ጥግ ላይ ተከልኳቸው፣ በትንሽ እንጨት ምልክት።

ያለ ጓንት ነው የሠራሁት። ማታ ጣቶቼ ጫፍ ላይ መብላት ጀመረኝ፣ ቀላ። የቱሊፕ ኮረት ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር አለው፤ ኮረት ሲለዩ የሚውሉ ሠራተኞች የሚያውቁት በሽታ ነው፣ «የቱሊፕ ጣት» ይሉታል። ጓንት አድርጉ።

አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ አጠጣሁ። አበቃ።

ከተከላ በኋላ፣ ቀን 6

ምንም። አፈር አያለሁ።

ቀን 11

ትዕግሥቴ አለቀ። እውነቱን ልጻፍ፣ ማስታወሻ ነውና። «ሥር ይዞ እንደሆን አንዱን ብቻ ልየው» አልኩ። በእጄ አፈሩን ገለል ገለል አድርጌ አንዱን ጥቁር አወጣሁት።

ሥር ይዟል። ቀለበቱ ዙሪያውን በነጫጭ ክሮች ተሞልቷል፣ እያንዳንዳቸው ጣቴን ያህል። ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ቅርንጫፍ የላቸውም። ሳወጣው ደግሞ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲበጠሱ ነው። እጄ ላይ ሲደርስ ከግማሽ በላዩ አፈር ውስጥ ቀርቷል።

የቱሊፕ ሥር እንደ ሌላው አይደለም። አንዴ ከተበጠሰ አይተካም። ለዓመቱ የተሰጠው ያ ነው። መልሼ ቀበርኩት። ከአጠገቡ ቀይ ክር አሰርኩ፣ ምን እንደሚሆን ላይ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ቀን 16

ጠዋት ሁለት ጉድጓድ፣ ንጹሕ፣ ክብ። ዙሪያው ላይ የተበተነ ቡናማ ልባስ። አይጥ። ሁለቱም ቀይ ናቸው። አይጥ ቱሊፕ ይወዳል፤ ነጭና ቢጫ የሚያብበውን ሌላውን ባለ ኮረት አበባ፣ ዳፎዲልን ግን መራራ ስለሆነ አይነካውም። ይሄን ቀድሞ ማሰብ ነበር።

ጭድ ከደረደርኩ በኋላ የዶሮ ቤት ሽቦ ወንፊት መደቡ ላይ ዘረጋሁ፣ ዳሩን በድንጋይ። ቀዳዳው ለቅጠሉ ይበቃል፣ ለአይጥ አይበቃም።

ቀን 18

ወጡ! ዘጠኝ ቀንድ። ደማቅ ሐምራዊ ጫፍ ያለው አረንጓዴ ቀንድ፣ አፈሩን እንደ ክዳን አንስቶ። ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ቀን 25

22ቱም ወጥተዋል። ቀይ ክር የታሰረበትም ወጥቷል፣ ከሁሉ መጨረሻ። ጥግ ላይ ካሉት አራቱ አንድም የለም።

ሁለት ጥቁሮች አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ አውጥተው ቆመዋል። አንድ ቅጠል ብቻ ካያችሁ ተስፋ አታድርጉ፣ ዘንድሮ አያብብም። ኮረቱ ለአበባ የሚበቃ ስንቅ አልነበረውም። ስገዛ 12 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያላቸውን ነበር ያዘዝኩት። እነዚህን ሁለቱን ሳልለካ አሳልፌያቸዋለሁ።

ቀን 33

እምቡጦች ቅጠሉ መሃል መታየት ጀምረዋል። ዛሬ ግን ያየሁት ሌላ ነው። የአንዱ እምቡጥ አንገት ላይ አረንጓዴ ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት፣ ሰፍሯል። በጣቴ ጨረገድኩት፣ ቀሪውን በሳሙና ውሃ።

ክሽክሽ በቱሊፕ ታሪክ ውስጥ ስም አለው። በ1630ዎቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ሰው በአንድ ኮረት የሚያብድለት ቱሊፕ አንድ ቀለም ያለው አልነበረም። ነጭ ላይ ቀይ እሳት የተረጨ የሚመስለው፣ ሴምፐር አውጉስቱስ የተባለው ዓይነት ነበር። ማንም ሰው ያንን መስመር ሆን ብሎ ማምጣት አልቻለም። አንድ ዓመት ተራ ቀይ የነበረው በሚቀጥለው ዓመት ቀለሙ ተሰንጥቆ ይመጣል። ዋጋው ጣራ ነካ፣ በየካቲት 1637 ተንኮታኮተ። መስመሩን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቀለሙን እየሰባበረ ኮረቱን ዓመት በዓመት ያዳክመዋል። ይሄ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ዶሮቲ ኬይሊ የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1928 ቀለሙ የተሰባበረውን ቱሊፕ ኮረት ቁራጭ ከጤነኛው ጋር እያጣበቀች በሽታው እንደሚተላለፍ አሳየች። ቫይረሱን ከተክል ተክል የሚያደርሰው ደግሞ ይሄ ጣቴ ላይ የተጨፈለቀው አረንጓዴ ነገር ነው። በመርፌ መሳይ አፉ።

አሁን ገበያ ላይ ያሉት ባለ መስመር ቱሊፖች አብዛኞቹ ከዘራቸው እንዲያ የሆኑ ናቸው እንጂ የታመሙ አይደሉም።

ቀን 38

አጠጣጥ፦ አፈሩን ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከትቼ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ ጠዋት፣ ሥር ሥሩን። ቅጠል ላይ ማታ የተረፈ ውሃ ቦትሪቲስ የሚባለውን ፈንገስ ይጠራል፤ ቅጠሉ የተቃጠለ ይመስላል፣ ይጠማዘዛል። እስካሁን የለም።

ቀን 44

ቀዮቹ ከፈቱ። ሰባት በአንድ ቀን።

ዓይነቱ አፔልዶርን ይባላል፣ ዳርዊን ድቅል ከሚባሉት ወገን። ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለውም። ከላይ ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩ። ታችኛው ክፍል ጥቁር ነው፣ ጥቁሩ ዙሪያውን በቀጭን ቢጫ ተከቧል። ስድስቱ የወንዴ ዘንጎች ጥቋቁር ናቸው፣ ዱቄታቸው ጣት ላይ ከሰል ይመስላል። መሃል ላይ ሴቴዋ፣ ባለ ሦስት ከንፈር። ያቺ ቀን 1 ላይ በማጉያ ያየኋት። አሁን የትንሽ ጣቴን ጥፍር ታክላለች።

እማዬ መጥታ ቆመች። ብዙ አየች። «ይሄ ነው ፖሜን ያስወጣው?» አለች።

ቀን 46

ማታ ሄጄ ሳያቸው ተዘግተዋል። ጠዋትም ዝግ ናቸው። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ሰሃን ተበለቀጡ። እኔ የብርሃን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አንዱን ቆርጬ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሞቅ ካለ ቦታ አስቀመጥኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ውስጥ ተከፈተ። ከዚያ ፍሪጅ አስገባሁት፣ ተዘጋ። ጉዳዩ ሙቀት ነው። ሲሞቅ የአበባው ቅጠል የውስጠኛው ገጽ በፍጥነት ያድጋል፣ ሲቀዘቅዝ የውጨኛው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይረዝማል ማለት ነው። ለካሁ። መጀመሪያ ቀን 6 ሴንቲ ሜትር የነበረው በሦስተኛው ቀን 7 ሆኗል።

ቀን 49

ሦስት ቀይ ቆርጬ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌያለሁ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቁመታቸውን ምልክት አደረግኩ። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን አያቆምም። በሁለተኛው ቀን ረጅሙ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል፣ ሦስቱም ወደ መስኮቱ አንገታቸውን ጠምዝዘዋል። ብርጭቆውን አዞርኩት። ማታ ተመልሰው ወደ መስኮቱ።

ቀን 56

ቀዮቹ እየረገፉ ነው። ሁለት ቀን 27 ዲግሪ ገባና ጨረሳቸው። ጥቁሮቹ ተራቸው ነው፣ የጥላ ጨርቁን መለስኩላቸው።

ኩዊን ኦፍ ናይት ይባላል። ጥቁር ብለው ይሸጡታል፣ ጥቁር አይደለም። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ግን ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋል፣ ያኔ የበሰለ እንጆሪ ጭማቂ ነው። ዘጠኝ አበቡ። ሁሉንም ቀለም ካየሁ በኋላ፣ በሚቀጥለው ቀዩን ትቼ ይሄን ብቻ ባዝዝ ይሻለኛል ብያለሁ። ቀዩ ጎበዝ ነው። ይሄ ግን ያስቆማል።

ቀይ ክር የታሰረበት፦ እምቡጡ አውራ ጣቴን ያህል ደርሶ ወረቀት መሰለ፣ ደረቀ። አገዳው ከጎረቤቱ ግማሽ ነው። በተቀደደ ገለባ እንደ መጠጣት ነው፤ ስንቅ አለው፣ ውሃ የሚስብበት የለውም።

ጥግ ላይ ካሉት አራቱ ሦስቱ ወጥተዋል። አንዱ አበበ። ጎመን ላይ የተለጠፈ። እኔና እሱ እንተዋወቃለን።

ሒሳቡ፦ ብርድ ካገኙት 24 ውስጥ 19 አበባ። ሁለቱን አይጥ፣ ሁለቱን የኮረቱ ማነስ፣ አንዱን እኔ።

ቀን 63

የረገፉትን ራስ ራሳቸውን ቀጠፍኩ፣ ዘር እንዳይቋጥሩ። ዘር መቋጠር ስንቅ ይበላል። ከዘር ቱሊፕ አበባ ለማየት ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ለዚያ ዕድሜ የለኝም። አገዳውና ቅጠሉ ይቆያል። ትንሽ የእንጨት አመድ በተንኩ፣ ለፖታሲየሙ።

ከዚህ በኋላ ስድስት ሳምንት መደቡ ያስጠላል። ቅጠሉ ይተኛል፣ ይገረጣል፣ ቡናማ ይሆናል። እዚያ ላይ ነው የሚቀጥለው ዓመት ኮረት የሚሠራው። አሁን መሬት ውስጥ ያለው አሮጌው ኮረት እየሟጠጠ ነው፤ ያበበው እሱ አይመለስም። ሆዱ ውስጥ ልጆቹ እየሞሉ ነው፣ የሚሞሉትም ቅጠሉ በሚልከው ምግብ ነው።

ቀን 71

ቤት ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ «ግቢው ተዝረክርኳል» ብሎ በቅን ልብ መቀስ አንስቷል። ስደርስ የአራት ጥቁሮች ቅጠል ከሥሩ ተቆርጦ፣ በሥርዓት ተከምሮ ይጠብቀኛል። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። መቀሱን ደበቅኩ። አራቱ ጋ እንጨት ተከልኩ።

ቀን 112

ቅጠሉ ሁሉ ደርቋል፣ ሳብ ሲደረግ በቀላሉ ይለቃል። ማውጫው ጊዜ ነው። እዚህ መሬት ውስጥ ቢቀሩ ዝናቡ ያበሰብሳቸዋል።

ከዳር ጀምሬ፣ ከጎን ሰፋ አድርጌ ቆፈርኩ። አሮጌው ኮረት የለም። በነበረበት ቦታ ቡናማ ወረቀት፣ የደረቀ የአገዳ ቅሪት፣ ከጎኑ አዳዲሶቹ። አንዳንዱ ጋ አንድ ትልቅና ሁለት ትንንሽ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት መካከለኛ። ቅጠላቸው የተቆረጠባቸው አራቱ ጋ ትልቁ ባቄላ ያክላል።

አንድ ቅጠል ብቻ ካወጡት ሁለቱ አንዱን ሳወጣ ኮረቱ ቦታው ላይ የለም። በሰበሰ ብዬ ልተወው ስል አንድ ነጭ ቱቦ አየሁ፣ ወደ ታች የሚወርድ። ተከትዬው ቆፈርኩ። ከተከልኩበት 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ትንሽ አዲስ ኮረት። ለማበብ ያልደረሰ ቱሊፕ ልጁን እንዲህ አድርጎ ወደ ጥልቁ ያወርደዋል፣ ከሙቀቱም ከአይጡም ራቅ ወዳለው። እኔ በዶማ የለፋሁትን እሱ ተኝቶ ሠራው።

ለካኋቸው። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ዙሪያ ያላቸው 14። ዘጠኙ ከቀይ፣ አምስቱ ከጥቁር። ቀዩን ትቼ ጥቁሩን ብቻ አዝዛለሁ ያልኩትን እያሰብኩበት ነው። ትንንሾቹ 37። አፈሩን አራግፌ፣ በመረብ ከረጢት፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ሰቀልኳቸው። አይታጠቡም።

ከማውጣት በኋላ፣ ሳምንት 11

የሞቱ ይመስላሉ። አይደሉም። አበባው የሚሠራው አሁን ነው፣ በዚህ ሞቃትና ደረቅ ጊዜ፣ ከረጢት ውስጥ ተንጠልጥለው። እስካሁን አልቆ መሆን አለበት።

አንዱን መካከለኛ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን፣ ሰነጠቅኩት። ልቡ ላይ አንድ የተጠቀለለ ቅጠል አለ። በማጉያ አገላብጬ አየሁት። ሌላ ምንም የለም።

ከትልልቆቹ አንዱን አነሳሁ። ቢላውን ጫፉ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆየሁ። መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት።

14ቱም ዛሬ ፍሪጅ ይገባሉ። ወረቀት ከረጢት፣ የእርሳስ ቀዳዳ፣ ማርከር። ታችኛውን መደርደሪያ ስከፍት ባዶ ነው። ፖሙ ጠረጴዛ ላይ ነው።